የሦስት ሺህ ብር ጭራቅ

በጀታችን ሦስት ሺህ ብር ነበር፤
ለባጃጅ፣ ለእራት፣ ለባትሪ ሲሰፈር
ለጭራቁ የተረፈው አንድ ጆንያና ክር።
ካሜራው የሠርግ ነው፤ የምንይችል አጎት
«ቅዳሜ ሙሽሮች አሉኝ፣ ዓርብ ማታ መልሱት»
ብሎ ያዋሰን፣ ከስንት ደጅ ጥናት።

ጆንያውን በእንቦጭ ጠቅጥቀን ሰፋነው፣
ሁለት የቢራ ቆርኪ ለዓይኑ ተከልን፤ ፈንታሁን ለበሰው።
ከደንገሉ መሐል ክንዱን ዘርግቶ ሲወጣ
የሽምብጥ ልጆች በሳቅ ፈረሱ፤ አንድ ወጠጤም መጣ፣
ከትከሻው ቅጠል ይቀነጥስ ጀመር።
ጭራቃችን «ኧረ ያዙልኝ!» እያለ
ወጠጤ ሲሸሽ ዋለ።

ምንይችል አልሳቀም። ካሜራውን አጥፍቶ ከውሃው ጠርዝ ተቀመጠ፣
ጠጠር ወረወረ፤ ከጠጠሩ በኋላ ያለውን ዝምታ አዳመጠ።
«አናሳየውም» አለ።
«ያየነውን እንለምዳለን፤ ስም እናወጣለታለን፤
ያላየነውን ግን እያንዳንዳችን
ከየቤታችን ይዘነው እንመጣለን።
ልብ ለማንጠልጠል ምን ገመድ ያሻል?
በሩን ገርበብ አድርገህ ተወው፤ ተመልካቹ ራሱ ይገባል።»

ጆንያውን ለወጠጤው ሰጠነው።

እኔ የድምፅ ሰው ነኝ።
አጥንት ሲሰበር ሸንኮራ አገዳ፣ ሲራመድ እርጥብ ፎጣ፤
ደሙ ከእንጉዳይ እናት ድስት፣ ከቀይ ሥር የወጣ፣
ሥሩን በሎሚ አሽተው እራታችን ያደረጉት።
ትንፋሹን ግን በባዶ ቢጫ ጀሪካን
እኔው ተነፈስኩት፣ አፌን ከአፉ ገጥሜ፣
ቀስ ብዬ፣ እንደ ታመመ ሰው፣ በጨለማ ቆሜ።

ሐሙስ ሌሊት። እንጉዳይ እግሯን ልትታጠብ ወረደች።
ካሜራው ከኋላዋ፤ ማጅራቷን ብቻ ያያል።
«እስከ አርባ ቁጠሩ፣ ማንም እንዳይንቀሳቀስ፤
የሚያስፈራው ሲመጣ አይደለም፣ ሲዘገይ ነው» ይላል።
አሥር፤ ታንኳው ድንጋዩን ነካ፣ ተመለሰ።
አሥራ ስምንት፤ ዞር አለች፤ ምንም የለም፤ ነፋስም አልነፈሰ።
ሃያ ስድስት፤ እንቁራሪቶቹ በአንድ ጊዜ ዝም አሉ።
ይህን ማንም አልጻፈውም፤ በጽሑፉ ላይ እስከ መጨረሻው ይጮኻሉ።
ከዚያ በጆሮ ማዳመጫዬ፣ ከደንገሉ ወገን፣
አንድ ረጅም ትንፋሽ። ጀሪካኑ ግን
እግሬ ሥር ነበር፣ ክዳኑ እንደ ተከደነ።

«ጉማሬ ነው» አለ በማግስቱ ታንኳ ቀዛፊው ደሳለው፤
መረቡን ጥቂት አራገፈና
«ጉማሬ ነው መሰል» ብሎ ቃሉን አላላው።

በቀበሌው አዳራሽ፣ በፕላስቲክ ወንበር፣
በአንድ ነጭ አንሶላ ላይ አሳየነው፤ መግቢያው አሥር ብር።
ሃያ ስድስት ላይ ደረስን፤ እንቁራሪቶቹ ዝም አሉ፤
መብራት ሄደ።

ባሕር ዳር ነው፤ መብራት ይሄዳል፤ ይፏጫል፣ ይሳቃል፣ «ብሬን!» ይባላል።
ያን ማታ ማንም አላፏጨም፤
ስልኩን የሚያበራ እንኳ አልተገኘም።
ከፊቴ አንዲት ሴት ልጇን ከወንበሩ አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገች።
ሐይቁ በመስኮት በኩል፣ እንደ ጠማው ውሻ፣ ዳርቻውን ሲልስ ይሰማል።
ከጎኔ ምንይችል በሹክሹክታ ይቆጥራል፤
አርባን አለፈ፤ ስልሳን አለፈ፤ እጄን ጨበጠ።
መብራቱ ሲመጣ አንሶላውን የሚያይ አንድ ሰው አልነበረ፤
አዳራሹ በሙሉ ዓይኑን በሩ ላይ ተክሎ ቀረ።
በሩም ገርበብ ብሎ ነበር።

«ያን ቦታ እንዴት ሠራችሁት?» ይሉኛል እስከ ዛሬ።
ሦስት ሺህ ብር ፈጀ እላለሁ፣ ሌላውን ውጬ አሳጥሬ።

ካሜራው በቀኑ ተመልሷል፤ ሙሽሮቹ ወልደው ስመዋል።
ቢጫው ጀሪካን እኔ ቤት ነው።
ውሃ ሳምንት ቢጠፋም አልቀዳበትም፤
ክዳኑን አጥብቄ፣ ድንጋይ ጭኜበት ነው የምተኛው።